በአንድ እግር የተሰጠ ምስክርነት

የአገሬን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም የሚጨምረው ነገር የለም። ከተማችን ሸንጎ አላት፣ ሸንጎው ደግሞ ጫማ አለው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከጫማው ነው።

ጫማው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፣ ውስጡ በበግ ጠጉር የተለበደ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ምስክር ሆኖ የቀረበ ሰው ሁሉ ካልሲ ሳያደርግ፣ በባዶ እግሩ ያንን ጫማ ተጫምቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ቃሉን ይሰጣል። እግሩ ትልቅ የሆነ ጣቶቹን አጥፎ ይገባል፤ ትንሽ የሆነ ጭድ ይጎሰጎስለታል። ሲመሽ ጫማው ከሸንጎው ወለል ሥር ወዳለ ጉድጓድ ይወርዳል። ጉድጓዱ ውኃ ያዝላል። ጫማው ከተሰፋ ጀምሮ ሳሙና ነክቶት፣ ፀሐይ አይቶት አያውቅም። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ቃል ከደረቀ ይሰነጠቃል።»

ይህ ጫማ ሐሰተኛን ይነክሳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ፍርድ የሚሰጠው ምስክሩ በተናገረው ነገር አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምስክሩ ተመልሶ ይመጣና እግሩ ይታያል። በጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ ከራሰ፣ ከተላጠ፣ ከተሰነጠቀ፣ ዋሽቷል። ንጹሕ ከሆነ እውነት ተናግሯል። እግር የሚያዩት ሹም አፈ ጫማ ይባላሉ።

እኔ ስንዱ እባላለሁ። ከሸንጎው ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለኝ። በጣት መሃል የሚወጣው ያ ነገር ፈንገስ እንደሆነ፣ እርጥበትና የሰው ጫማ እንደሚወድ፣ ውሸትና እውነት እንደማይለይ ለሰሚ ሁሉ ስናገር ኖሬአለሁ። ሰሚውም ይሰማኛል። «ልክ ነሽ እትዬ ስንዱ» ይለኛል። ከዚያ ሄዶ ጫማውን ይጫማል።

ለዚህ የሚሆን ቅባት በመደርደሪያዬ ላይ ሞልቶ ነበር። ገዢ ግን የለውም። ከመሰከሩ በኋላ ቅባት መግዛት «ዋሽቻለሁ» ብሎ እንደማመን ስለሚቆጠር፣ ሰዉ እያከከ መቀመጥን ይመርጣል። ደፍሮ የመጣም ቢሆን «ለበቅሎዬ ነው» ይላል፤ የከተማችን በቅሎ ሁሉ የእግር ጣት ያለው ይመስል።

አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደምመላሽ መጣ። ሱቁ ባዶ መሆኑን አይቶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና፣

«እትዬ ስንዱ፣ ሳይታመሙ በፊት የሚቀቡት ነገር አለ?» አለኝ።

«ቅባቱ ያው ነው» አልኩት። «መጀመሪያ እግርህን ታጠብ። በጣቶችህ መሃል ጠብ የሚል እርጥበት እስከማይቀር ድረስ አድርቅ፤ ዋናው እሱ ነው። ከዚያ ጣቶችህ መሃልና ውስጥ እግርህን ስስ አድርገህ ተቀባ። ጫማውን ስታወልቅም እንደገና ታጠብ፣ አድርቅ፣ ተቀባ። ምንም ነገር ባታይ እንኳ ቶሎ አታቋርጥ። ፎጣህንም ለሰው አታውስ።»

ቃል በቃል ደገመልኝ። አንድም አልሳተም። በዚያ ሁሉ ዓመት የነገርኩትን በትክክል የያዘልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ሸጥኩለት።

ደስታዬ እስከ ሰኞ ድረስ ቆየ። ሰኞ ደምመላሽ የልብስ ሰፊዋን የይመኙሻልን ግቢ «የአያቴ ነው» ብሎ ከሰሰ።

ይመኙሻል ጎረቤቴ ናት፤ የመድኃኒት ቤቴ ጀርባና የእሷ ግቢ አንድ አጥር ይጋራሉ። ግቢውን ከአባቷ ወረሰች፣ የስፌት መኪናዎቿን ተከለችበት፣ ከዚያ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ደምመላሽ ደግሞ ወፍጮ ቤቱን ማስፋት ፈልጓል። የይመኙሻል ምስክር ግንበኛው ጋሽ አድማሱ ነበሩ። የድንጋዩን አጥር የገነቡት እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለሰላምታ እንኳ የተጋነነ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ወገቤን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ» ይላሉ።

በሸንጎው ፊት ጫማውን ተጫምተው «ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያሠራኝም አባቷ ነው» አሉ። ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን እስኪመሽ መቆም ግዴታ ስለሆነ በዚያ እርጥብ ጫማ ውስጥ ቆመው ዋሉ። በማግስቱ ደምመላሽ ያንኑ ጫማ ተጫምቶ ስለ አያቱ አወራ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም እግራቸውን ለማሳየት ቀረቡ። የደምመላሽ እግር የሕፃን እግር መስሎ ወጣ። አፈ ጫማው አጎንብሰው አዩት፣ አሸተቱት፣ «ይህ እግር ዋሽቶ አያውቅም» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ደምመላሽ ሚዛን ላይ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለማ። ግን በእኛ አገር ጫማ ከሚዛን ይበልጣል።

የጋሽ አድማሱ ጣቶች መሃል ነጭ ሆኖ ተልጧል፤ በትንሿ ጣታቸው ሥር ተሰንጥቆ ደም ይታያል።

«ያሳክካል?» አሉ አፈ ጫማው።

«አዎ፣ ያሳክካል» አሉ ጋሽ አድማሱ። አያሳክክም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

«ውሸቱን በአንደበቱ አመነ» ተብሎ ተወሰነ። ግቢው ለደምመላሽ ተፈረደ፤ ይመኙሻል አንድ የይግባኝ ምስክር ብቻ ተፈቀደላት። ጋሽ አድማሱ ደግሞ ቃለ እጥፍ ተባሉ።

ቃለ እጥፍ የተባለ ሰው ለአንድ ዓመት የሚናገረው ሁሉ ተገልብጦ ይወሰዳል። «ደህና ዋሉ» ካለ ክፉ እንደተመኘ ይቆጠራል። «ራበኝ» ካለ ገበታ ይነሣበታል። እሱን ወክሎ መናገር የሚችለው ጫማውን ተጫምቶ ንጹሕ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ አድማሱ አንድ ቀን በበሬ ሲያልፉ «ስንዱ፣ ዝናብ መጣ፣ ልብስሽን ከገመድ አንሺ» አሉኝ። የሸንጎው ዘበኛ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የሰጣሁት ልብስ ሁሉ ሲበሰብስ ቆሜ አየሁ።

በዚህ ተናድጄ ወደ አፈ ጫማው ቢሮ ሄድኩ። አፈ ጫማ ባዩልኝ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሳቡልኝ። ጫማውን በየቀኑ አቅፈው የሚያወጡትና የሚያወርዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በሁለቱም ክንዳቸው ላይ ክብ ክብ ምልክት አለ፤ ዳሩ ቀላ ብሎ ቅርፊት የያዘ፣ መሃሉ የጠራ።

«ጌታዬ፣ ክንድዎ ላይ ያለው ጭርት ነው» አልኳቸው።

«ማኅተም ነው» አሉኝ። «ከእኔ በፊት የነበሩትም አፈ ጫማዎች ነበራቸው። ከሹመቱ ጋር ይመጣል።»

«የመጣው ከጫማው ነው። በጋሽ አድማሱ እግር ላይ ያለውም ይኸው ነው።»

«የሳቸው እግር ላይ ነው፣ የእኔ ክንድ ላይ ነው። እግርና ክንድ አንድ ነው ልትዪኝ ነው?»

«ያሳክክዎታል?»

«ኃላፊነት ያሳክካል» አሉ።

ትዕግሥቴን ሰብስቤ ቀጠልኩ። ደምመላሽ ከመመስከሩ በፊት ቅባት ከእኔ ገዝቶ እንደነበር ነገርኳቸው። «እውነተኛ ሰው ጥንቁቅ ነው» አሉ። እንግዲያው ጫማው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ካልሆነም እያንዳንዱ ምስክር የራሱን ጫማ ይዞ ይምጣ አልኩ።

«የራሱን ጫማ ይዞ የመጣ የራሱን እውነት ይናገራላ» አሉኝ።

ጥሩ አባባል ነበር። ከተማችንን የጎዳት ደግሞ ጥሩ አባባል ነው።

በሳምንቱ በመድኃኒት ቤቴ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ማንም ሰው ከምስክርነት በኋላ ቅባት እንዳይገዛ ተከልክሏል። እስከዚያ ድረስ ነውር ብቻ የነበረው ነገር በእኔ አቤቱታ የተነሣ ሕግ ሆነ።

እኔም ቅባቱን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጋሽ አድማሱ ቤት ሄድኩ። በግቢያቸው ጭቃ ሲረግጡ አገኘኋቸው፤ ለሰው ቤት ምርጊት የሚሆን ነው። በተሰነጠቀ እግራቸው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው።

«በስመ አብ፣ ጋሼ፣ በዚህ እግር ነው ጭቃ የሚረግጡት?»

«ሌላ እግር የለኝም» አሉ።

ቅባቱን አወጣሁ። አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ስንዱ ልጄ፣ አልወስድም። ይህን ከተቀባሁ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።»

«ጭርት አለብኝ ማለት ነው እንጂ!»

«ለአንቺ እንደዚያ ነው። ለእነሱ ግን የምሰጠው ቃል ነው። አልዋሸሁም፣ አልቀባም።»

«ስንጥቁ ክፍት ነው፤ ሌላ ቆሻሻ ይገባበታል። ያኔ ይህ ቅባት ብቻውን አይመልሰውም።»

«ይሁና» አሉና ጭቃቸውን ረገጡ። ሸንጎው በግትርነት ያናድደኛል፤ እሳቸው ደግሞ በሐቀኝነት። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም።

ብዙም ሳይቆይ ይመኙሻል ወደ እኔ መጣች። ለይግባኙ እኔ እንድመሰክርላት ለመነችኝ። አጥሩ ሲገነባ አይቻለሁ፤ እሺ አልኳት። ቀጥሎ የተናገረችውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«ትቀቢያለሽ አይደል? ከመጫማትሽ በፊት?»

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። «ቀኝ እግሬን ብቻ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ቀኜን ታጥቤ፣ አድርቄ፣ እቀባዋለሁ። ግራዬን እተወዋለሁ። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ቃል። አንዱ እግር ንጹሕ ሆኖ አንዱ ሲላጥ ሲያዩ፣ ነገሩ ከጫማው እንደሆነ ምን ይሉኛል?»

ይመኙሻል ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ ስንዱ፣ በግቢዬ ልትሞክሪ ነው እንዴ? ሁለቱንም ተቀቢና ግቢዬን አስመልሺልኝ።»

«ሁለቱንም ከቀባሁ ደምመላሽ ያደረገውን አደረግኩ ማለት ነው። አንቺ ግቢሽን ታገኛለሽ፣ ጋሽ አድማሱ ግን ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። የሚቀጥለውም ሰው እንደሳቸው ይነከሳል።»

«የሚቀጥለው ሰው የራሱን ግቢ ያስብ።»

«የአንቺን ግቢ ያሰቡልሽ ጋሽ አድማሱ ናቸው።»

በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች። እውነቷን ነው፤ የሚወሰደው የእሷ ቤት ነበር፣ የእኔ አይደለም።

ቀኑ ደርሶ ጫማውን ተጫማሁ። እግር ሲገባበት የሞተ ነገር ውስጥ የገቡ ይመስላል፤ ቀዝቃዛና አሙለጭላጭ ነው። ያየሁትን ተናገርኩ፣ እስኪመሽ ቆምኩ። ቤቴ ስገባ ቀኝ እግሬን ብቻውን አጥቤ፣ በራሱ ፎጣ አድርቄ ቀባሁት፤ ግራዬን በሌላ ፎጣ ጠረግኩትና ተውኩት። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው አላለፍኩም። ቅባት መግዛት ተከልክሏል፤ እኔ ደግሞ ከራሴ መደርደሪያ ስወስድ አልገዛሁም። እንዲህ እያልኩ በየቀኑ ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ግራዬ ጀመረው። ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ስሸጥ፣ ግራ እግሬን በቀኝ ተረከዜ ማከክ እንዴት እንደሚያምረኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ስል ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ቀኜ ንጹሕ እንደሆነ ቀረ።

እግሬ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ይመኙሻል እየሮጠች መጣች። ኩርፊያዋን ረስታዋለች። «ጋሽ አድማሱ ወድቀዋል» አለችኝ።

ግራ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቀልቶ አብጧል። ሲነኩት ይፋጃል፤ እሳቸውም በትኩሳት ይንቀጠቀጣሉ። የፈራሁት ደረሰ፤ በስንጥቁ የገባው ቆሻሻ ወደ ላይ ወጥቷል። ይህ አሁን የቅባት ነገር አይደለም። ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ዘበኛው ቃለ እጥፍን መከተል ሥራው ስለሆነ ከኋላችን መጣ።

ነርሷ ሲስተር ጌጤነሽ «ያምዎታል?» አለቻቸው።

«በጣም ያመኛል» አሉ።

ሲስተሯ ዘበኛውን አየችው። «እንግዲህ… አያማቸውም» አለች።

«ልጄ፣ እግሩን እዪው እንጂ!» አልኳት።

«አይቻለሁ እትዬ ስንዱ። ማየት እንጂ ማመን አልተፈቀደልኝም። እኔም ልጆች አሉኝ።»

ይመኙሻል ከጋሽ አድማሱ እግር ሥር ተንበረከከች። «ጋሼ በእናትዎ፣ አያመኝም ይበሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይገለብጡትና ይታከማሉ።»

ጋሽ አድማሱ ላብ በፊታቸው እየወረደ አዩዋት። «ያመኛል እኮ» አሉ። «ያመኛል፣ አያመኝም ልበል? ለአጥርሽ ያልዋሸሁትን ለእግሬ ልዋሽ?»

መልሰን ቤታቸው ወሰድናቸው። ሌሊቱን ይመኙሻል በእርጥብ ጨርቅ ግንባራቸውን ስታበርድ አደረች።

ሲነጋ ሸንጎው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት እግሬን ዘረጋሁ። አፈ ጫማው ቀኙን አዩ፤ «ንጹሕ» አሉ። ግራውን አዩ። እንደገና ቀኙን አዩ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። እኔም ያደረግኩትን ሁሉ፣ ውኃውን፣ ፎጣውን፣ ቅባቱን አንድ በአንድ ተናገርኩ። «አንድ ሰው በአንድ እግሩ ሊዋሽ አይችልም» አልኩ። «ጫማው እርጥብ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ከተከላከሉት አይይዝም፣ ካልተከላከሉት ይይዛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እንግዲህ ገባቸው ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

አፈ ጫማው ክንዳቸውን እያከኩ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ተነሥተው ፈረዱ፦ «ምስክሯ በቀኝ እግሯ እውነት ተናግራለች፤ በግራዋ ዋሽታለች። ስለዚህ የግቢው ቀኝ እኩሌታ ለይመኙሻል፣ ግራው ለደምመላሽ ይሁን። ከዛሬ ጀምሮ ምስክሯ በቀኝ እግሯ ቆማ የምትናገረው ይታመናል፤ በግራዋ ቆማ የምትናገረው ይገለበጣል።»

«በሁለቱም ስቆምስ?» አልኩ።

«ዝም ትያለሽ።»

የግቢው ቀኝ የት እንደሆነ ጭቅጭቅ ሊነሣ ሲል ይመኙሻል ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ የስፌት ቤቷ በቀኝ በኩል ዋለ። ለደምመላሽ ሽንት ቤቱና የቦዩ ዳር ደረሰው። በከተማው ደግሞ የሰማኝ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ምስክር የሚሆን ሁሉ አስቀድሞ እየመጣ ቅባት ይገዛል፤ ይታጠባል፣ ያደርቃል፣ ይቀባል። ከሳሽም ተከሳሽም ንጹሕ እግር ይዘው ይቀርባሉ። ሸንጎው ውሸት ከአገር ጠፋ ብሎ በዓል አደረገ፤ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ስለሚሆን ፍርድ መስጠት ግን አልተቻለም። ጫማው አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ያን ዕለት እኔ ከሸንጎው ወጥቼ የሄድኩት በቀጥታ ወደ ጋሽ አድማሱ ነበር። ዓይናቸው መከደን ጀምሯል። ከይመኙሻል ጋር ተሸክመናቸው ጤና ጣቢያ ደረስን፤ ዘበኛውም ፍርዱን በጆሮው ሰምቷልና ተከተለን።

ሲስተር ጌጤነሽ ፊት ግራ እግሬን አነሣሁ።

«ጋሽ አድማሱን እግራቸውን ያማቸዋል» አልኩ።

ሲስተሯ ዘበኛውን አየች። ዘበኛው ወለሉ ላይ ያለውን አንድ እግሬን አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ እጇ እንዴት እንደፈጠነ! አስተኛቻቸው፣ እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረገች፣ መርፌውን አዘጋጀች። ጥያቄዋ ግን አያልቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ትኩሳቱስ? መድኃኒት የማይስማማቸው አለ? ጋሽ አድማሱ እየመለሱ በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኛል፣ እኔ በቀኝ እግሬ ቆሜ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ልጅ አይደለሁም፤ ክብደትም አለኝ። አንድ እጄን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን በይመኙሻል ትከሻ ላይ አድርጌ እንደ ሽመላ ቆምኩ። የተነሣው ግራዬ ደግሞ ያሳክከኛል።

እግራቸው እንደተረፈ አሁኑኑ ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት ግን አላወቅንም። መርፌው ከገባ በኋላም ሲስተሯ ጥያቄዋን አልጨረሰችም። ጋሽ አድማሱ ከአልጋው ላይ ሆነው ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አዩ።

«ስንዱ ልጄ፣ አውርጂው» አሉ። «ደክሞሻል።»

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «እሳቸው ደክሟታል ካሉ፣ አልደከማትም ማለት ነው» አለ።

ሲስተሯ ብዕሯን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ ስንዱ፣ ደክሞሻል?»

እግሬን ካወረድኩ ዝም ማለት አለብኝ፤ ገና የሚመለስ ጥያቄ አለ።

«አልደከመኝም» አልኩ፣ በቀኝ እግሬ ቆሜ።

ጫማውን ከተጫማሁ ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነበር። ከጋሽ አድማሱ በቀር ሁሉም አመነኝ።